መኪናዬ ያተርፈኛል ወይ? ስለ መኪና አሠራር፣ መንገድ አያያዝና ደህንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ደህና መኪና የሚባለው የትኛው ነው?

ሁለት ነገር አሟልቶ የያዘው ነው። አንደኛው አደጋ ውስጥ እንዳትገቡ ይረዳል፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር፣ የመኪናው ክብደትና ቁመት። ሹፌሮች "መንገድ ይይዛል" የሚሉት ይህንን ነው። ሁለተኛው አደጋው ከደረሰ በኋላ ያተርፋል፦ የአካሉ አሠራር፣ ቀበቶ፣ ኤርባግ፣ የመቀመጫው ራስ መደገፊያ።

መኪና ገዢ ደላላውን የሚጠይቀው ግን ስለ ሞተሩና ስለ ነዳጁ ነው። ሞተር ቢበላሽ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ያስቀራችኋል እንጂ አይገድላችሁም። ያለቀ ጎማና የላላ መሪ ግን ይገድላሉ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ከእነሱ ጀምሩ።

የድሮ መኪና ቆርቆሮው ወፍራም ነው። አደጋ ላይ እሱ አይሻልም?

አይሻልም። ሰው እንዲህ የሚያስበው ዓይኑ ባየው ነው። አንድ ዲኤክስ ኮሮላ ከአዲስ መኪና ጋር ሲላተም ዲኤክሱ ፓራውልቱ ጎበጥ ብሎ ይቆማል፤ የአዲሱ ፊት ግን ሙሉ በሙሉ ይጨማደዳል። ከዳር የቆመው ሰው "የዛሬ መኪና ፕላስቲክ ነው" ብሎ ይፈርዳል።

መጨማደዱ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በፍጥነት የሚሄድ መኪና የያዘው ጉልበት የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። የፊቱ ላሜራ እየታጠፈ ጉልበቱን ከወሰደው ወደ ሰው የሚደርሰው ይቀንሳል። ላሜራው አልታጠፍም ካለ ጉልበቱ በመሪው ዘንግና በክሩስኮቱ በኩል ደረት ላይ ያርፋል። ሐሳቡ የቆየ ነው። የመርሴዲስ መሐንዲስ የነበረው ቤላ ባሬኒ ፊቱና ኋላው የሚታጠፍ፣ ሰው የሚቀመጥበት መሐሉ ግን ጠንካራ የሆነ መኪና ለፓተንት ያቀረበው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው።

ማረጋገጫ ለሚፈልግ በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ሙከራ አለ። የመድን ድርጅቶች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር በ64 ኪ.ሜ. በሰዓት ገደማ ፊት ለፊት አጋጫቸው። ቤል ኤሩ ግዙፍ የብረት መኪና ነው። የሹፌሩ ቦታ ግን ተደረመሰ፤ በመሞከሪያው አሻንጉሊት ላይ የተለካው ጉዳት ሰው ቢሆን ኖሮ የሚገድል ነበር። ማሊቡው ውስጥ የሹፌሩ ቦታ ቅርጹን ሳይለቅ ቀረ፤ ጉዳቱም ከእግር አላለፈም። ከአደጋ በኋላ እንግዲህ ፓራውልቱን አትዩ። በሩ ይከፈታል ወይ? የፊት መስታወቱን የያዘው ምሰሶ ቆሟል ወይ? መኪናው ሥራውን መሥራት አለመሥራቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ቀበቶ ምን ያደርጋል?

ከቀበሌ 14 እስከ ገበያ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ግጭቱ አጭር አይሆንም። በ40 ኪ.ሜ. ፍጥነት ከግድግዳ ጋር መላተም ከ6 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ መውደቅ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ የሚወድቅን ሰው በእጁ መሪ ጨብጦ ራሱን ያድናል ብሎ የሚያምን የለም።

ዛሬ የምናስረው ደረትና ወገብ የሚይዘው ቀበቶ በቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ተሠርቶ መኪና ላይ የገባው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል ከ45 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ደረት ላይ ጣል የሚደረግ ቀበቶ ግን ከቅጣት ያድን ይሆናል እንጂ ከምንም አያድንም። ቀበቶው ከትከሻ አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት መጥበቅ አለበት፤ ሆድ ላይ መውጣት የለበትም። ኋላ የተቀመጠውም ይሰር። ያልታሰረ ሰው በግጭት ጊዜ በሙሉ ክብደቱ የፊተኛውን ሰው ጀርባ ይመታል።

ኤርባግ ካለኝስ?

ኤርባግ ቀበቶ ለታሰረ ሰው ነው የተሰላው። ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ይነፋል፤ ያልታሰረ ሰው ኤርባጉ ገና በመነፋት ላይ እያለ ይደርስበትና ፊቱንና አንገቱን ይመታዋል። ከመሪው መሐል እስከ ደረታችሁ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን ሳልናገር አላልፍም። ክሩስኮት ላይ ጸጉራም ጨርቅ እናነጥፋለን፤ በላዩ ላይ የሶፍት ካርቶን፣ ሽቶ፣ ጌጥ እንደረድራለን። የተሳፋሪው ኤርባግ የሚወጣው ደግሞ በብዙ መኪና ላይ ከዚያው ስር ነው። ሲፈነዳ ያን ሁሉ ይዞ ነው ፊት ላይ የሚመጣው። ሕፃን ታቅፎ ፊት መቀመጥም በጭራሽ አይሁን፤ ልጁ በእናቱና በኤርባጉ መካከል ይሆናል።

ገንዘቤ ውስን ነው። መጀመሪያ ምኑን ልቀይር?

ጎማ። ፍሬንም፣ መሪም፣ ኤቢኤስም (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው መሣሪያ) ሥራቸውን የሚሠሩት በጎማ በኩል ነው። መንገዱን የሚነካው ደግሞ በእያንዳንዱ ጎማ ስር አንድ የሰው መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ናት። መኪናውና ቤተሰባችሁ በአራት መዳፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቀን አንብቡ። "ዶት" ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። በውጭ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። ጎማ ሳይነዳበትም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን ጥርሱ ያላለቀ ቢሆን እንኳ አውጡት ይላሉ። ያገለገለ ጎማ ከውጭ መጥቶ በቀለም አብረቅርቆ ሲሸጥ የሚያጋልጠው ይህ ቁጥር ነው። የጥርሱ ጥልቀት በብዙ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ እንደኛ ላለ ክረምት ግን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲደርስ መቀየር ጥሩ ነው።

ንፋሱም ቀላል ነገር አይደለም። ጎሚስታው ጋ ቆማችሁ "ትንሽ ጨምርበት" አትበሉ። ትክክለኛው ልክ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም በሩ ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ከልክ በላይ የተነፋው ደግሞ መንገዱን የሚነካበት ቦታ ያንሳል፤ ጎርባጣ ላይም ይነጥራል።

ሁለት ጎማ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ አዲሶቹን ኋላ አስገጥሙ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ጎሚስታውም ሊከራከር ይችላል። ግን ፊት ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነዳጅ ስትለቁ ይመለሳል። ኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይሽከረከራል፤ ያንን መልሶ መያዝ ለአብዛኛው ሹፌር ከባድ ነው።

ክረምት ሲገባ መኪናዬ ለምን መንገድ መያዝ ያቅተዋል?

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ ዘይት፣ አቧራና የጎማ ብናኝ ይጠራቀማል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ይህንን ወደ ሚያዳልጥ ቅባት ይለውጡታል። ከዚያ ደግሞ ከእርሻ የሚወጣ ጋሪና ትራክተር ጭቃ አስፋልት ላይ ይጥላል። ከሐሙሲት እስከ ወረታ ባለው ሜዳ ላይ ይህ በደንብ ይታያል።

ሦስተኛው የተኛ ውሃ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን ወደ ጎን መግፋት ሲያቅተው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ መሪው ድንገት ይቀላል። ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም አትዘውሩ። እግራችሁን ከነዳጅ አንሱና መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ጎማው አስፋልቱን መልሶ እስኪነካ ድረስ።

በቁጥር ለማየት፦ በ80 ኪ.ሜ. ፍጥነት አደጋውን አይታችሁ ፍሬን እስክትረግጡ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ 22 ሜትር ሄዳችኋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 36 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። እርጥብ ላይ 60 ሜትር ያልፋል። በ40 ኪ.ሜ. ከሆነ ደረቁ ላይ 9 ሜትር ገደማ ይበቃል። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ማቆሚያው ወደ ሩብ ይወርዳል።

ከፍ ያለ መኪና የበለጠ አያስተማምንም?

ለጎርባጣና ለጎርፍ አዎ። ለመዞርና ለመሸሽ ግን አይደለም። ክብደቱ ከመሬት በራቀ ቁጥር ድንገት መሪ ሲታጠፍ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ትንሽ መኪናን የሚያንሸራትት የመሪ አዘዋወር ላንድክሩዘርንና ሚኒባስን ሊገለብጥ ይችላል።

ፖርቶ መጋላው ላይ የሚጫነው ነገር ይህን ያባብሰዋል። ጤፉም፣ አልጋውም፣ የበግ ሙክቱም ላይ ሲወጣ መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል፤ ትናንት በ70 የዞራችሁትን ኩርባ ዛሬ በ70 አትዞሩትም። ከባዱን ዕቃ ውስጥ፣ ከወለሉ ላይ አድርጉት። መኪናውን ከፍ ለማድረግ ብቻ ሞላው ስር ማንሻ የሚያስገቡ ሰዎችም ይህንን ያስቡበት።

ባጃጅስ?

ባሕር ዳር ያለ ባጃጅ አይታሰብም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበትም ሥራ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ከፊት የሚታጠፍና ጉልበት የሚወስድ ቦታ የለውም፤ የሹፌሩ እግር ያለው ከፊት መስታወቱ ጀርባ ነው። ፊት አንድ ጎማ ስለሆነ ደግሞ ፍሬን እየረገጡ ሲዞሩ ወደ ፊት ጥግ ይጋደላል። ከመዞራችሁ በፊት ፍጥነት መቀነሱን ጨርሱ፣ ከዚያ ዙሩ። ተሳፋሪ ሹፌሩ ጎን ትርፍ ሲቀመጥ መሪው ነጻ አይሆንም፤ እምቢ ማለት ይቻላል።

ኤቢኤስ ያለው ፍሬን ሲረገጥ እግር ስር ይንቀጠቀጣል። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም፣ እየሠራ ነው። ጎማው እንዳይቆለፍ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቅቃል፣ ይይዛል። ጥቅሙ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ረግጣችሁም መሪው መታዘዙ ነው። እግራችሁን አታንሱ፣ እንደ ድሮው ረገጥ ለቀቅ አታድርጉ። ልቅ ጠጠር ላይ ግን ማቆሚያውን ሊያስረዝም ስለሚችል እዚያ ቀድማችሁ ቀንሱ።

መኪና ስትገዙ ቁልፉን ሞተር ሳይነሳ አዙሩና ክሩስኮቱን እዩ። የኤቢኤስና የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ የባሰ ነው፤ ብልሽት ለመደበቅ አምፖሉ ተነቅሎ ይሆናል።

ዓባይ በረሃን ስወርድ ፍሬኔ እየላላ ይሄዳል። ለምን?

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በፍሬን ብቻ ከወረዳችሁ ያ ሁሉ ጉልበት ፍሬን ላይ ሙቀት ይሆናል። ሸራው ሲግል መያዙ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ከዓመት ዓመት ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይሄዳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ ፍሬኑም እስከ ወለል ይገባል። "ፍሬን በጠሰ" ከሚባለው ውስጥ አንዱ እንዲህ ያለው ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ።

አወራረዱ ይህ ነው፦ ያንን ዳገት ለመውጣት በምትጠቀሙበት ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ 2ን ወይም ኤልን ያዙ። ፍሬኑን በትንሹ እየጎተታችሁ አትውረዱ፤ ጠንከር አድርጋችሁ ቀንሱና ልቀቁ፣ ይተንፍስ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ፍሪ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ራስን ለሞት መስጠት ነው። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥም አብሮ ይሄዳል፤ ከጥቂት እርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ አቁሙ። የጋለ ብረት ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይሰነጠቃል። ዝም ብሎ ይቀዝቅዝ።

ተጋጭቶ የተሠራ መኪና መግዛት ይቻላል?

በር፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ የተቀየረበት ከሆነ ችግሩ የመልክ ነው። ሻንሲው ወይም ምሰሶዎቹ ተጎድተው በብየዳ የተቃኑ ከሆነ ግን ተዉት። የመጀመሪያው ብረት በተወሰነ ኃይልና በተወሰነ ቦታ እንዲታጠፍ ተሰልቶ ነው የወጣው። ጋራዥ ውስጥ ግሎ የተቀጠቀጠ ብረት ያንን ስሌት አያውቅም።

ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ላሜራው ላይ የማይጣበቅበት ቦታ ስር ስቱኮ አለ። በበሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በጣታችሁ ተከተሉ፤ እየሰፋ ወይም እየጠበበ መሄድ የለበትም። የኮፈኑ ማያያዣ ብሎኖች ቀለማቸው ተፍቆ ከሆነ ተፈትቶ ያውቃል። ከዚያ ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ፍሬን ያዙ። ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ሻጩ "አላይመንት ብቻ ነው" ቢላችሁም በሙያተኛ ሳታስመረምሩ አትክፈሉ።

የቪትዝ መሪ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ይሆን? ጉዳትስ አለው?

ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ በጃፓን ገበያ ይጠቀምበት የነበረ ስም ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ይባላል። ጃፓን ውስጥ መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ ለጃፓን የተሠራ ቪትዝ መሪው ግራ ላይ ከሆነ አንድ ሰው አዛውሮታል ማለት ነው። የቪትዝ ጽሑፍ የተለጠፈበት ያሪስም ሊሆን ይችላል፤ የሻንሲ ቁጥሩን አስመርምሩ።

መዛወሩ በራሱ ሞት አይደለም፤ አሠራሩ ነው ወሳኙ። የመሪው ዘንግ፣ የፍሬን ፔዳሉ ማያያዣና የኤርባጉ ሽቦ ሁሉ ቦታ ቀይረዋል። ክሩስኮቱ ተቆርጦ የተገጣጠመ ከሆነ ኤርባጉ ላይኖር ይችላል፤ ባዶ ክዳን ብቻ ይሆናል። መኪናው ከቆመ በኋላ መሪውን ግራ ቀኝ በጣት ነቅንቁ፤ ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ብዙ ከተጫወተ ተዉት። ሌላም አለ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ መንፊያዎች በሙቀትና በእርጥበት አርጅተው ሲፈነዱ የብረት ስባሪ እንደሚበትኑ ስለተረጋገጠ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል፤ ቶዮታም ውስጡ አለበት። መኪናችሁ ይመለከተው እንደሆነ በሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት ይቻላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲነዳ የሚለየው ነገር አለ?

አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ከቪትዝ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ እየገባ ነው። ቪትዝ 1 ቶን አካባቢ ነው፤ የቮልስዋገኑን አይዲ 4 የመሰለ የኤሌክትሪክ መኪና 2 ቶን አካባቢ ነው። ባትሪው ወለል ስር ስለሆነ በቀላሉ አይገለበጥም፣ መንገድም ጥሩ ይይዛል። ግን ከባድ ነው። ጎማው ያንን ክብደት እንዲሸከም የተሠራ መሆን አለበት፤ ከሌላ መኪና የወረደ ጎማ አታስገጥሙበት። ከስር ድንጋይ ከመታው በኋላም ባትሪውን አስመርምሩ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ መኪናውን ይይዘዋል፤ ይህ ለፍሬን ትልቅ እረፍት ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መያዙ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት መቶ በመቶ አትሙሉት። ሁለተኛው ዝምታው ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ብስክሌተኛው በጆሮው ነው ኋላውን የሚያየው። ስታልፉት ራቅ ብላችሁ እለፉ።

ከብት ድንገት መንገድ ቢገባብኝ መሪ ላዙር ወይስ ፍሬን ልያዝ?

መጀመሪያ ፍሬን፤ ቀጥ ብላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ። ፎገራ ሜዳ ላይ ወደ ማታ ከብቱ ወደ ቤት ሲገባ ይህ ብዙ ይገጥማል። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሰው ይፈጥናል። ፍሬን የተያዘባት እያንዳንዷ ሜትር ጉዳቱን ትቀንሳለች። ኤቢኤስ ካላችሁ ፍሬኑን ሳትለቁ በትንሹ መዞር ትችላላችሁ፤ ከሌላችሁ ጎማው ከተቆለፈ መሪው አይታዘዝምና ለመዞር ፍሬኑን ለቀቅ ማድረግ አለባችሁ። ማለፊያ ከፈለጋችሁ ከብቱ ከሚሄድበት ፊት ሳይሆን ከኋላው ነው፤ እረኛው እዚያ እንደሌለ ካያችሁ ብቻ።

ብዙ ሰው የሚሞተው ግን ከብቱን በመግጨት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ጎማ ከአስፋልት ወርዶ ጠጠሩ ላይ ሲገባ ሹፌሩ ደንግጦ መሪውን ወደ አስፋልት በኃይል ይጠመዝዘዋል። ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ነክሶ ድንገት ሲወጣ መኪናው ወደ ተቃራኒው መስመር ይወረወራል ወይም ይገለበጣል። ስለዚህ ከወረዳችሁ እዚያው ጠጠሩ ላይ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፣ ፍሬኑን በለስላሳው ያዙ። ፍጥነቱ በደንብ ከወረደ በኋላ ስፖኪዮ አይታችሁ በዝግታ ተመለሱ።